የጣና ዳርቻ ስንት ነጥብ ነው?

ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ባሕር ዳርን የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ትልቅ ሰማያዊ ቅርጽ ነው፤ ከደቡብ ጫፉ ዓባይ ሾልኮ ይወጣል። ከሩቅ ሲታይ ዳርቻው ለስላሳ ነው። ሁለት ጣቱን ስክሪኑ ላይ እያራራቀ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደብረ ማርያም ሲጠጋ ግን ያ ለስላሳ ኩርባ ይሰባበራል። አንድ አጭር ቀጥታ መስመር፣ ቀጥሎ ሌላ ቀጥታ መስመር፣ በመካከላቸው ማዕዘን። ጣና እንዲህ ያለ ማዕዘን የለውም። ማዕዘኑን ያመጣው ነጥቦቹን ያስቀመጠው ሰው ወይም ኋላ የቀነሳቸው ፕሮግራም ነው።

በድረ ገጽ ላይ ኩርባ መሳል ባለፉት ሃያ አምስት ዓመታት ውድ ሶፍትዌር ከያዙ ጥቂት ባለሙያዎች እጅ ወጥቶ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ የሚሞክረው ሥራ ሆኗል። መሣሪያው ረክሷል፤ ፍርዱ ግን አልረከሰም። የትኛው ነጥብ ይቆይ፣ የትኛው ይጣል፣ መስመሩ የት ይለስልስ፣ የት ይሰበር የሚለው ዛሬም የሰው ውሳኔ ነው። የጣናን ዳርቻ፣ የፊደላችንን ቅርጽና የጣና ገዳማት ብራናዎችን ሐረግ በተመለከተ ደግሞ ይህ ውሳኔ በአብዛኛው ሲወሰን የኖረው ከጣና ርቆ ነው። ባሕር ዳር ውሳኔውን መረከብ የምትችልበት ጊዜ ላይ ደርሳለች እላለሁ። ወጪው ትንሽ ነው፤ ቦታውን የሚያውቅ ዐይን ግን የግድ ይላል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኮምፒውተር ሥዕል የሚይዝበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሥዕሉን በጥቃቅን ካሬዎች ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ካሬ ቀለም መመዝገብ ነው፤ ፎቶግራፍ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። ሁለተኛው መስመሩን ራሱን በቁጥር መንገር ነው፦ ከዚህ ተነሣ፣ እዚያ ድረስ ሂድ፣ ስትሄድ በዚህ በኩል ጎበጥ በል። ይህኛው ቬክተር ይባላል። የመጀመሪያው ሲጎላ ካሬዎቹ ይገለጣሉ። ሁለተኛው በጎላ ቁጥር እንደ አዲስ ተሰልቶ ስለሚሳል ጠርዙ አይደበዝዝም።

የክብደታቸው ልዩነትም ቀላል አይደለም። በአርባ ኩርባዎች የተሠራ የሐይቅ ቅርጽ ብናስብ፣ እያንዳንዱ ኩርባ ስድስት ቁጥር ቢፈልግ ድምሩ 240 ቁጥር ነው፤ ሲጻፍ ከአንድ ኪሎባይት ብዙም አያልፍም። ወርዱም ቁመቱም 1,000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ግን ከመታመቁ በፊት ሦስት ሚሊዮን ባይት ይይዛል። ይህ ለባሕር ዳር አንባቢ የቴክኒክ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ፣ ያለ ኔትወርክ የሚከፈት፣ ጥቂት ኪሎባይት የሆነ ካርታ ዋጋው ሌላ ነው።

በቁጥር የሚነገረው ኩርባ የመጣው ከመኪና ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሲትሮይን ውስጥ ይሠራ የነበረው ፖል ደ ካስተልዦ የመኪና አካል ጉብጠትን በጥቂት ነጥቦች የሚገልጽ ስሌት አወጣ፤ ፋብሪካው ምስጢር አድርጎ ያዘው። በ1960ዎቹ የሬኖው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ ያንኑ ዓይነት ኩርባ በራሱ መንገድ ደርሶበት አሳተመው፤ ስሙም በእሱ ቀረ። በቤዚዬ ኩርባ መነሻና መድረሻ አለ፤ በመካከል ደግሞ መስመሩ የማያልፍባቸው ግን የሚጎትቱት አንድ ወይም ሁለት ነጥቦች ይኖራሉ። ዲዛይነሮቻችን እነዚህን ነጥቦች ሃንድል ይሏቸዋል። ሃንድሉን ራቅ ሲያደርጉት ኩርባው ይለጠጣል፤ ሲያቀርቡት ይሰበሰባል። ሁለት ኩርባዎች በሚገናኙበት ነጥብ ላይ በግራና በቀኝ ያሉት ሃንድሎች በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ከዋሉ መገጣጠሚያው አይታይም፤ ካልዋሉ ማዕዘን ይፈጠራል።

ይህ ስሌት ድረ ገጽ ላይ በይፋ የገባው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ማይክሮሶፍት በአንድ ወገን፣ አዶቤና አጋሮቹ በሌላ ወገን የየራሳቸውን የቬክተር ቋንቋ ይዘው የድረ ገጽ ደረጃዎችን ወደሚያወጣው ወደ ደብሊው ሦስት ሲ ቀረቡ። ድርጅቱ አንዳቸውንም ሳይመርጥ አዲስ አስጀመረ፤ በመስከረም 2001 ኤስቪጂ የሚባለው ቋንቋ ጸደቀ። ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ሥራው ተጓተተ፤ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ኤስቪጂን ማሳየት የጀመረው በ2011 በዘጠነኛ እትሙ ነው። ዛሬ በእጃችን ባለው ስልክ ላይ ያለ ማንኛውም ብሮውዘር ይሥለዋል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ በኖትፓድ ተከፍቶ ይነበባል፣ ይታረማል። ኢንክስኬፕ የመሰለ ነፃ ፕሮግራምም በመዳፊት እያስጎተተ ያስጽፋል።

የመስመሩ ትእዛዞች ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በአንድ የላቲን ፊደል ይጠራሉ። ኤም ብዕሩን አንሥቶ መነሻው ላይ ያሳርፋል። ኤል ቀጥታ ይወስዳል። ኪው በአንድ ሃንድል፣ ሲ በሁለት ሃንድል ያጎብጣል። ኤ የክብ ወይም የሞላላ ቁራጭ ይሥላል፤ ዜድ ቅርጹን ይዘጋል። ፊደሉ በትልቁ ሲጻፍ ቁጥሮቹ ከገጹ ጥግ ይቆጠራሉ፤ በትንሹ ሲጻፍ ብዕሩ ካለበት ቦታ። ካርታ ለሚሠራ ሰው አንድ ወጥመድ አለ፤ በዚህ ቋንቋ ቁመት የሚቆጠረው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የምድር ኬክሮስ ግን ወደ ሰሜን ሲሄዱ ይጨምራል። ይህን የዘነጋ ሰው ባሕር ዳርን ከሐይቁ ራስጌ፣ ጎርጎራን ከግርጌ አስቀምጦ ያገኛታል።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ፤ የቤዚዬ ኩርባ ፍጹም ክብ መሥራት አይችልም። አራት ኩርባዎች ተገጣጥመው፣ ሃንድሎቻቸው ከራዲየሱ 0.5523 ያህል ርቀት ላይ ሲቀመጡ ክብ የሚመስል ቅርጽ ይወጣል፤ ስሕተቱ ከራዲየሱ ከአሥር ሺህ ሦስት እጅ አይበልጥም። ዐይን አይለየውም። ሆኖም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም የናርጋ ሥላሴን ፕላን የሚሥል ሰው ኤ የሚለውን ትእዛዝ ይጠቀም፤ ክብ ለሆነ ነገር ክብ ሥሎ መገላገል ይሻላል። የውጭውን ክብ፣ የውስጡን ክብ፣ ከመካከል ባለ አራት ማዕዘኑን መቅደስ ለማስቀመጥ ሦስት መስመር ጽሑፍ ይበቃል።

ዳርቻው ግን እንዲህ በቀላሉ አይገላገሉትም።

ጣናን በመስመር ለመያዝ የሞከሩ ብዙ ናቸው። የፖርቱጋል ኢየሱሳውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ካርታቸው ላይ አስቀምጠውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1881 አሳሹ አንቶን ስቴከር ሐይቁን ዞሮ ለካ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ደግሞ ዳርቻውንና ደሴቶቹን እየተዘዋወረ አጥንቶ በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየውን የላከችው መንግሥት ዐይኗ ዓባይ ላይ እንደነበረ የሚካድ አይደለም፤ ግድብ የሚሠራበትን ውሃ ለማወቅ የመጡ የቅየሳ ቡድኖችም ከእሱ በፊትም በእሱ ዘመንም ነበሩ። ቢሆንም ቺዝማን በበቅሎና በታንኳ ቦታው ላይ ደርሶ ነው ያየው። የዛሬው ዳርቻ በብዛት የሚሳለው ከሳተላይት ፎቶ ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ለንደን ውስጥ የተጀመረውን ኦፕን ስትሪት ማፕን እንውሰድ። በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የዓለም ካርታ ነው፤ ብዙ የስልክ መተግበሪያዎች ከሱ ይቀዳሉ። በዚህ ካርታ መዝገብ ውስጥ ኩርባ የሚባል ነገር የለም። ያሉት ነጥቦችና ነጥቦችን የሚያያይዙ ቀጥታ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ አንድ መስመር ከ2,000 ነጥብ በላይ ስለማይዝ ትልቅ ሐይቅ በብዙ መስመሮች ተከፋፍሎ ይቀጣጠላል። ይህ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ቀጥታ መስመር ለማረም፣ ለማወዳደር፣ ስፋት ለማስላት ይቀላል፤ ብዙ ሺህ ሰው በሚነካካው መዝገብ ውስጥ ሃንድል ቢጨመር ትርምሱ አያድርስ ነው። ስለዚህ ኩርባው የሚፈጠረው በነጥብ ብዛት ነው። ነጥብ ያበዛ ሰው ለስላሳ ዳርቻ ያገኛል፤ የቸኮለ ማዕዘን ይተዋል።

ቀጥሎ ፕሮግራሙ ይገባል። ካርታው ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ነጥብ ቢላክ ስልኩ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ ነጥቦች ይቀነሳሉ። ለዚህ በጣም የተለመደው ዘዴ ዳግላስና ፖይከር እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት ነው። የመስመሩን ሁለት ጫፎች በቀጥታ ያገናኛል፤ ከዚያ ቀጥታ አብዝቶ የራቀውን ነጥብ ይፈልጋል፤ ርቀቱ ከተወሰነው ልክ ካለፈ ነጥቡን አስቀርቶ በግራና በቀኝ ያንኑ ይደግማል፤ ካላለፈ በመካከል ያሉትን ሁሉ ይጥላል። ብልህ ዘዴ ነው፤ የዘጌን ልሳነ ምድር አይጥለውም፣ ጎልቶ ወጥቷልና። የሚጥለው ጥቃቅኑን ነው፦ ታንኳ የሚጠጋበትን ትንሽ ሰርጥ፣ በደንገል መካከል የተከፈተውን መግቢያ፣ ጀልባ የሚቆምበትን ጥግ። ለፕሮግራሙ እነዚህ ከልክ በታች ናቸው። ዓሣ አስጋሪው ግን ከሐይቁ ዙሪያ ሁሉ የሚፈልጋቸው እነዚያኑ ነው።

ስለ ጣና ዙሪያ ርዝመት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 385 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ነው። የሒሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንደልብሮት እ.ኤ.አ. በ1967 የእንግሊዝን ጠረፍ አንሥቶ እንዳሳየው፣ የዳርቻ ርዝመት በመለኪያው ማጠር ያድጋል፤ በአንድ ኪሎ ሜትር ዘንግ የለካና በአንድ ሜትር ዘንግ የለካ አንድ ዓይነት ቁጥር አያገኙም፣ ሁለቱም አልዋሹም። ስለዚህ ቁጥሩን የሚጠቅስ ሰው በምን ያህል ዝርዝር እንደተለካ ቢጨምርበት ይበጃል። እስካሁን የጨመረ አላጋጠመኝም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ዳርቻው ራሱ አለመቆሙ ነው። የጣና ወለል በሰኔ ዝቅ ይልና ክረምቱን ጠጥቶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይሞላል፤ ልዩነቱ በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ዓለታማ በሆነ ዳርቻ ላይ ይህ መስመሩን ብዙም አያንቀሳቅሰውም። ፎገራና ደምቢያ ግን ሜዳ ናቸው። መሬቱ በሺህ ሜትር አንድ ሜትር ብቻ የሚዘቅዝቅበት ቦታ ቢኖር፣ አንድ ሜትር ተኩል የውሃ ጭማሪ ዳርቻውን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ውስጥ ይገፋዋል። በደረቁ ወር ውሃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎ ይዘራል፤ ሲመለስ ማሳው ሐይቅ ይሆናል። በዚህ ላይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨረጨራ መቆጣጠሪያ፣ ከ2010 ጀምሮ ደግሞ ወደ በለስ የሚሄደው ዋሻ የውሃውን ከፍታ በሰው እጅ አስገብተውታል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ በጣም ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። የዚያን ዓመት ሰኔ ዳርቻና የአንድ እርጥብ ዓመት ጥቅምት ዳርቻ በአንድ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ሊወከሉ አይችሉም። በደቡብ ምዕራብ በኩል ደግሞ ግልገል ዓባይ በሚያመጣው ደለል ዳርቻውን ወደ ሐይቁ እየገፋው ነው፤ እዚያ መስመሩ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ይለወጣል።

እምቦጩን አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ከታወቀ ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተንሰራፍቷል። ከላይ ለሚያይ ሳተላይት የእምቦጭ ምንጣፍ አረንጓዴ ነው፤ ሣር ያለበት መሬት ይመስላል። ከፎቶው ላይ ዳርቻ የሚቀዳ፣ ሐይቁን የማያውቅ ሰው በአረንጓዴውና በሰማያዊው ድንበር ላይ ነጥቦቹን ይደረድራል። የደረደረው የሐይቁን ጫፍ ሳይሆን የአረሙን ጫፍ ነው፤ ያም ንፋስ ሲነሣ ቦታ ይለውጣል። የደራ ወይም የጎንደር ዙሪያ ልጅ ይህን ስሕተት አይሠራም።

ኤስቪጂ ለዚህ ችግር የተዘጋጀ ይመስል ጥሩ መላ አለው። ሁለት ዳርቻ ይሳል፤ አንዱ የሰኔ፣ አንዱ የጥቅምት፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ቀለም ይቀባ። አንባቢው ሐይቁ የሚተነፍስበትን ወርድ ያያል። ሲነካ አንዱ ወደ ሌላው እንዲለወጥ ከተፈለገ ደግሞ አንድ ግዴታ አለ፤ ሁለቱ መስመሮች እኩል ብዛት ያላቸው፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል የተጻፉ ትእዛዞች ሊሆኑ ይገባል፣ አለበለዚያ ለውጡ አይሠራም። ይህ ግዴታ ሠሪውን ያስተምራል፤ የሰኔው የርብ ወንዝ አፍ በጥቅምት የትኛው ነጥብ እንደሆነ መወሰን አለበትና። እርግጠኛ ባልተሆነበት ቦታ፣ በእምቦጭ ሥር እንደተደበቀው ዓይነት፣ የወረቀት ካርታ ሠሪዎች እንደሚያደርጉት የተቆራረጠ መስመር ይደረግ፤ አንዲት ቃል ጨምሮ መስመርን መቆራረጥ ይቻላል። የስክሪን ካርታዎች ይህን ትሕትና ትተውታል። ሁሉንም ዳርቻ በእኩል እርግጠኝነት ይሥላሉ።

ማለስለስ ሌላም ቦታ ያሳስታል። የባሕር ዳርን ዝናብ በወር በወር የሚያሳይ ግራፍ በድረ ገጽ ላይ ለመሥራት የፈለገ ሰው አሥራ ሁለት ነጥብ ያስቀምጥና ፕሮግራሙን በኩርባ አገናኝልኝ ይላል። ኩርባው በነጥቦቹ ሁሉ ያልፋል፤ ያምራልም። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ መካከል ከሁለቱም ወሮች የሚበልጥ ጉብታ ይፈጥራል፤ ማንም ያልለካው ዝናብ ነው። በበጋው በኩል ደግሞ እንደተመረጠው ዘዴ ከዜሮ በታች ወርዶ ሊያርፍ ይችላል፤ ከመሬት ወደ ሰማይ የሚዘንብ ማለት ነው። ፍሪችና ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት ስሌት ኩርባው ከነጥቦቹ ከፍታ እንዳያልፍ ይገታዋል፤ ብዙ የግራፍ መሥሪያዎችም አካተውታል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን የወር ድምር በኩርባ መሳል የለበትም፤ በሐምሌና በነሐሴ መካከል ሌላ ወር የለም። ተራ ዓምድ ይበቃል። የሐይቁ ከፍታ ግን በየቀኑ የሚለካ፣ ያለማቋረጥ የሚለወጥ ነገር ስለሆነ ኩርባ ይገባዋል።

አሁን ወደ ፊደል። ይህን ጽሑፍ በስልክ የሚያነብ ሰው የሚያየው እያንዳንዱ ፊደል የቤዚዬ ኩርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 አፕል ያወጣው ትሩታይፕ ባለ አንድ ሃንድሉን፣ ከእሱ በፊት በ1984 አዶቤ ያወጣው ፖስትስክሪፕት ባለ ሁለት ሃንድሉን መረጡ፤ ፎንቶች ዛሬም በእነዚህ ሁለቱ ላይ ቆመዋል። የእኛ ፊደል 345 ምልክቶች ይዞ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩ የአማርኛ ድረ ገጾች ወይ ጽሑፉን እንደ ፎቶ ይለጥፉ ነበር፣ ወይ አንባቢው የራሳቸውን ፎንት አውርዶ እንዲጭን ይለምኑ ነበር፤ ያልጫነ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ያያል። ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላን ይዞ ሲመጣ ነው ብዙ ሰው ሳይጭን ማንበብ የጀመረው።

የፊደላችን ኩርባ በሩቅ መቀረጹ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው የታተመ የግዕዝ መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ በዮሐንስ ፖትከን የወጣ ነው። ሆኖም ከጎኑ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የሚባል ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ነበረ፤ ፊደሉን ያስተማረው እሱ ነው። ከዛሬዎቹ ፎንቶች አንዳንዶቹ እንዲህ ያለ ሰው አጠገባቸው እንዳልነበረ ያሳብቃሉ። በመቃ ብዕር የተጻፈ ዐ ወፍራምና ቀጭን ጎን አለው፤ የብዕሩ አፍ ተዘቅዝቆ ሲዞር የሚመጣ ነው። ብዙ የስክሪን ፎንቶች ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ውፍረት ይሰጡታል። ለረጅም ጽሑፍ በትንሽ ስክሪን ይህ ተገቢ ነው፤ ቀጭኑ ጎን ይጠፋ ነበርና። ለርእስና ለማስታወቂያ ግን ያሳፍራል። የብራና ጽሕፈትን የሚከተለው አቢሲኒካ በነፃ የሚገኝ ሆኖ ሳለ የማይጠቀሙበት ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

በባሕር ዳርም ሆነ በሌላ ከተማችን የባነርና የስቲከር ቤት ሥራ የላከ ሰው አንድ ነገር መባሉ አይቀርም፦ ከርቭ አድርገህ ላክልን። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ደንበኛው የጻፈበት ፎንት ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ላይኖር ይችላል፤ በተለይ ሥራው ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት የግዕዝ መጻፊያዎች የተሠራ ከሆነ። ፊደሉ ወደ መስመር ከተለወጠ ግን ማንም ኮምፒውተር እንዳለ ይሥለዋል፤ ስቲከር የሚቆርጠው ፕሎተርም የሚያውቀው መስመር ብቻ ነው። በየባጃጁ ላይ የምናነበው ጥቅስ ሁሉ በዚህ በር ያለፈ ነው።

ችግሩ ይኸው ፋይል ተመልሶ ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ይመጣል። ከርቭ የሆነ አማርኛ ጽሑፍ አይደለም፤ የጽሑፍ ቅርጽ ነው። ጎግል አያገኘውም፤ ማየት የተሳነው አንባቢ ስልክ ጮክ ብሎ አያነበውም፤ ስሕተት ቢኖርበት አይታረምም። ስማቸውን ሎጎ ውስጥ ብቻ በአማርኛ ጽፈው የቀረውን በእንግሊዝኛ ያደረጉ ሆቴሎች በአማርኛ ሲፈለጉ አለመገኘታቸው ሊደንቃቸው አይገባም። ኤስቪጂ ሁለቱንም ያስችላል፤ ጽሑፉን በጽሑፍነቱ ይዞ ፎንቱን ከገጹ ጋር መላክ ይቻላል፤ ከርቭ ማድረግ ግዴታ ሲሆን ደግሞ ርእስና መግለጫ የሚጻፍበት ቦታ አለው። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው።

ጽሑፍን በኩርባ ላይ ማስኬድም ይችላል። ክብ ማኅተም የሌለው መሥሪያ ቤት ስለሌለን ይህ ለእኛ ተፈላጊ ጥበብ ነው። ክቡ አንድ ጊዜ ይሳላል፤ ጽሑፉ በመስመሩ ላይ ይሂድ ይባላል፤ እያንዳንዱ ፊደል በቆመበት ቦታ ልክ ይዘነበላል። ፊደሎቻችን ሰፋፊ ስለሆኑ ግን ክቡ ካነሰ እንደ ጠ እና ሠ ያሉት ከራሳቸው በኩል ይራራቃሉ፣ ከእግራቸው በኩል ይገፋፋሉ። ታች የሚጻፈው ጽሑፍ እንዳይገለበጥ ደግሞ መስመሩ በተቃራኒ አቅጣጫ መሳል አለበት። ለላቲን የተዘጋጀ ናሙና ወስዶ አማርኛ የሚጭንበት ሰው ሁለቱንም በዐይኑ እያየ ካላስተካከለ በስተቀር ፊደሎቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ።

የመጨረሻው ከሁሉም የከበደው ነው። በጣና ገዳማት ያሉ ብራናዎች፣ የክብራን ገብርኤልን ጨምሮ፣ በገጽ ራስጌ ላይ የሚሳል ሐረግ አላቸው፤ እየተጠላለፈ የሚሄድ ባለ ቀለም ጥልፍልፍ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተመራማሪው ኧርንስት ሐመርሽሚት ብዙዎቹን ብራናዎች በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ የመጀመሪያው የካታሎግ ቅጽ በ1973 ጀርመን ታትሟል። ፊልም ብራናውን ያስቀምጣል። የሐረጉን አሠራር ግን አያስቀምጥም።

ፎቶን ወደ መስመር የሚለውጡ ፕሮግራሞች ሞልተዋል። አንድ የሐረግ ፎቶ ሲሰጣቸው የብራናውን ቆሻሻ፣ የቀለሙን ፍንጥቅጣቂ፣ የቆዳውን ቀዳዳ ሁሉ ተከትለው ሺህ ነጥብ ያፈሳሉ። የነጥብ መቀነሻውን ልክ ከፍ ሲያደርጉት ደግሞ የጸሐፊውን እጅ መንቀጥቀጥ ከቆሻሻው ጋር አብረው ይጠርጉታል፤ የሚቀረው የሠርግ ካርድ ጌጥ ነው። ውፍረቱም አስቸጋሪ ነው፤ የኤስቪጂ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት ስላለው ወፈር ቀጠን የሚለውን የብዕር መስመር ለመያዝ የግራውንና የቀኙን ጠርዝ ለየብቻ መሳል ያስፈልጋል፤ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማለፍና መታለፍ አለ። በሐረግ አንዱ ክር በሌላው ላይ ያልፋል፤ ቀጥሎ በሥሩ ይገባል፤ እንደገና በላይ ይወጣል። ኤስቪጂ ግን ቅርጾችን የሚደራርበው በተጻፉበት ቅደም ተከተል ነው፤ ኋላ የተጻፈው ሁልጊዜ ፊተኛውን ይሸፍናል። አንድ ክር በአንድ ትእዛዝ ከተሳለ ወይ ሙሉ በሙሉ ከላይ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ከሥር። ስለዚህ ክሩ በየመሻገሪያው ተቆርጦ፣ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው በኋላ እንደሚጻፍ በሰው መወሰን አለበት። ይህን ውሳኔ የሚያውቅ ሐረግ መሳል የተማረ ሰው ነው፤ ከየት እንደሚጀምር፣ ስንት መሻገሪያ አልፎ እንደሚታጠፍ፣ ጥግ ላይ እንዴት እንደሚዞር እጁ ያውቀዋል።

ስለዚህ መነሣት ያለበት ከፎቶው አይመስለኝም። ሐረግ የሚሥል ባለሙያ የብዕሩን ጉዞ በሚመዘግብ ታብሌት ላይ አንድ ቁራጭ ይሳል፤ የመስመሩ ቅደም ተከተል፣ አቅጣጫውና የብዕሩ ግፊት አብረው ይመዝገቡ። ከጎኑ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተቀምጦ ያንን ወደ ንጹሕ ትእዛዞች ይለውጥ፤ ሲያጠራጥረው ይጠይቅ። ለመጀመሪያው ዙር አንድ የገጽ ራስጌ ይበቃል። ፋይሉ ከብራናው ባለቤት ገዳም ፈቃድ ጋር፣ የማን እጅ እንደሆነ በመግለጫው ውስጥ ተጽፎበት ይቀመጥ፤ መግለጫው በአማርኛ ይሁን፣ ከርቭ አይደረግ።